ያልደረሰ ደብዳቤ እና ያልታመነ ቃል፦ ሥነ ጽሑፋዊ ብልሃቶችን በአሳዛኝ ተውኔትና በሆሎኮስት ትዝታ ስለማስተማር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የማስተርስ ትምህርቴን ሳልጀምር፣ በውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምር አንድ የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ረዳት መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። ተማሪዎቹ በአንድ መንፈቀ ዓመት ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ያነቡ ነበር፤ የሼክስፒርን «ሮሚዮና ዡልየት» እና የኤሊ ቪዜልን «ሌሊት»። ከማጠቃለያ ፈተናው ጥያቄዎች አንዱ ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ነበር። በመጀመሪያው ዓምድ የብልሃቶቹ ስም ተዘርዝሯል፤ ንግር፣ ምጸት፣ ትእምርት፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ድግግሞሽ። ተማሪው በሁለተኛው ዓምድ ከተውኔቱ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከትዝታ መጽሐፉ አንዳንድ ምሳሌ ይሞላል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ሰንጠረዡን አንድም ቦታ ሳታጓድል ሞላችው። ከ«ንግር» ትይዩ የሞይሼን ከሞት አምልጦ መመለስ ጻፈች፤ ከሥሩም ማንም ሳይጠይቃት አንድ ሐሳብ አከለች፤ የሲጌት አይሁዶች ይህን የመሰለ ግልጽ ንግር እያዩ አለመሸሻቸው ሞኝነት ነው የሚል። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። የማረሚያው መመሪያ የሚጠይቀው ትክክለኛ ምሳሌ ብቻ ነበር፤ ምሳሌው ደግሞ ትክክል ነበር። የታከለችውን ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ልረሳት አልቻልኩም።

ጥፋቱ የልጅቱ አልነበረም። ጥያቄው ራሱ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ስለ ነበር እርሷም በአንድ ሚዛን መዘነቻቸው። በተውኔት ውስጥ ሊመጣ ያለ መከራ አስቀድሞ ሲጠቆም ጠቋሚው ደራሲው ነው፤ የሚጠቁመውም ለተመልካቹ ነው። በትዝታ መጽሐፍ ውስጥ ግን አስጠንቃቂው በሥጋ የኖረ ሰው፣ ማስጠንቀቂያውም በታወቀ ዓመት፣ በታወቀች ከተማ፣ ለጎረቤት የተነገረ ቃል ነው። ሁለቱን «ንግር» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ይቻል ይሆናል። ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ሥራቸውም አንድ ነው ብሎ ማስተማር ግን አንባቢን ወደ ሐሰተኛ ፍርድ ይመራል የሚል እምነት አለኝ። ይህ መጣጥፍ ይህን እምነት ለማስረዳት የተጻፈ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ሁለቱ ሥራዎች ጥቂት ልበል። «ሮሚዮና ዡልየት» ለመጀመሪያ ጊዜ በ1597 የታተመ ተውኔት ነው፤ ከበደ ሚካኤል ስለ ተረጎሙት ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም። ታሪኩን ሼክስፒር ከባዶ አልፈጠረውም፤ አርተር ብሩክ በ1562 ያሳተመው ረጅም ትረካዊ ግጥም ዋና ምንጩ ነው። «ሌሊት» በአንጻሩ የጸሐፊው የራሱ ሕይወት ነው። ቪዜል በ1928 በሲጌት ተወለደ። ሲጌት በትራንሲልቫኒያ የምትገኝ፣ ከ1940 ጀምሮ በሃንጋሪ ሥር የነበረች አነስተኛ ከተማ ናት። በ1944 ጸደይ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውሽዊትዝ ተጋዘ። እናቱና ታናሽ እኅቱ እዚያ ተገደሉ፤ አባቱ በ1945 መጀመሪያ በቡኸንቫልድ ካምፕ ሞተ፤ እርሱ ካምፑ በኤፕሪል 1945 ነፃ ሲወጣ በሕይወት ተገኘ። መጽሐፉ መጀመሪያ በዪዲሽ ቋንቋ በ1956 በቦነስ አይረስ ታተመ፤ ከዚያም በጣም አጥሮ በ1958 በፈረንሳይኛ፣ በ1960 በእንግሊዝኛ ወጣ። ዛሬ በብዙ አገሮች የመማሪያ ክፍሎች የሚነበበው ይህ አጭሩ መልክ ነው።

ከንግር እንጀምር። በሼክስፒር ተውኔት መግቢያ ላይ ያለው ባለ 14 ስንኝ ግጥም ሁለቱ ወጣቶች እንደሚሞቱ መጋረጃው ሳይከፈት ለተመልካቹ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይህንኑ የሚያጠብቅ ነው። ሮሚዮ ወደ ግብዣው ከመሄዱ በፊት ልቡ ክፉ ነገር ይነግረዋል። ዡልየት በመስኮት ወርዶ ሲሄድ ቁልቁል ስታየው በመቃብር ውስጥ የተጋደመ ሬሳ ይመስላታል። በመጨረሻም ሮሚዮ ሞቶ ሳለ ፍቅረኛው ስታገኘው በሕልሙ ያያል፤ ሕልሙንም ለደስታ ይፈታዋል። እነዚህን ምልክቶች የተከላቸው ደራሲው ነው፤ አንዱንም ሌላውንም ቢነቅል ይችል ነበር። ተመልካቹም ይህን ስለሚያውቅ ሮሚዮን ሕልሙን በትክክል አልፈታም ብሎ አይወቅሰውም። የሮሚዮ አለማወቅ የተውኔቱ ውበት አካል ነው። ሞቱ ከመጀመሪያው ተቆርጦ ስላለቀ የምናዝንለት እንጂ የምንፈርድበት ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ሲጌት እንሻገር። ሞይሼ የምኩራብ አገልጋይ፣ ድኻ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር ግን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ሰው ነው። ለታዳጊው ኤሊ የካባላን ምሥጢር ያስተማረውም እርሱ ነው። የሃንጋሪ መንግሥት የውጭ ዜጋ ያላቸውን አይሁዶች ሲያባርር ሞይሼም ተጭኖ ሄደ። ከወራት በኋላ እያነከሰ ተመለሰ። ድንበሩን እንዳለፉ የተጫኑት ሰዎች ጫካ ውስጥ መቃብራቸውን እንዲቆፍሩ ተገደው እንደ ተረሸኑ፣ እርሱ እግሩን ተመትቶ የሞተ መስሏቸው ትተውት እንደ ተረፈ፣ ከቤት ቤት እየዞረ ይናገር ጀመር። ያመነው አልነበረም። አንዳንዱ አብዷል አለ፤ ሌላው ሊታዘንለት ፈልጎ ነው አለ። የታሪክ መዛግብት የእርሱን ቃል ይደግፋሉ። በኦገስት 1941 በካሜኔትስ ፖዶልስክ 23,600 ያህል አይሁዶች የተረሸኑ ሲሆን ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከሃንጋሪ የተባረሩ ነበሩ። ሞይሼ የሚናገረው ቦታ ሌላ ቢሆንም ዓይነቱ ያው ነው።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ በችኮላ ከሚነበቡት መስመሮች አንዱ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። ተራኪው ራሱም ሞይሼን እንዳላመነው ይናገራል። ያዝንለት ነበር እንጂ አላመነውም። ይህን «ንግር» ብለን በሰንጠረዥ ውስጥ ስናስገባው የጠፋው ነገር ይኸው ነው። ንግር ደራሲ ለአንባቢ የሚያቀብለው ፍንጭ ነው፤ እዚህ ግን ያለው ከዓመታት በኋላ የተደረገ ኑዛዜ ነው። ተራኪው ሊመጣ ስላለው ነገር እየጠቆመን አይደለም፤ ቀድሞ ስለ ሰማውና ስላልተቀበለው ነገር እየተናዘዘልን ነው።

ሁለቱ ሥራዎች በእርግጥ የሚገናኙበት ቦታ ይኸ ይመስለኛል፤ የሚለያዩበትም እዚሁ ነው። ሁለቱም በመልእክት ላይ የቆሙ ናቸው። በቬሮና ዡልየት የጠጣችው መድኃኒት የእንቅልፍ እንጂ የሞት አለመሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ በማንቱዋ ለተሰደደው ሮሚዮ ይጻፋል። ደብዳቤውን የያዘው መነኩሴ አባ ጆን ግን የጉዞ ጓደኛ ሊያደርገው የፈለገው ሌላ መነኩሴ በሽተኞችን ሲጠይቅ ከነበረበት ቤት ይገባል፤ የከተማዋ የጤና ተቆጣጣሪዎች ቤቱ በወረርሽኝ ተጠርጥሯል ብለው በሩን ያሽጉበታል። ደብዳቤው ሳይደርስ ይቀራል። ሁለት ወጣቶች ይሞታሉ። ማንም ጥፋተኛ የለም ማለት ባይቻልም ሮሚዮ ግን ሳይሰማ ቀርቶ እንጂ ሰምቶ አይደለም የጠፋው። በሲጌት ግን መልእክቱ ደርሷል። መልእክተኛው በእግሩ፣ ያውም በቆሰለ እግሩ፣ መጥቶ በር አንኳኩቷል። ቃሉ ተሰምቷል፤ አልታመነም።

ባልደረሰ ደብዳቤ ላይ የተሠራ ታሪክ ለሰሚው ንጽሕናውን ይተውለታል። ባልታመነ ቃል ላይ የቆመ ታሪክ ግን ሰሚውን፣ ከእርሱም ጋር አንባቢውን፣ ተጠያቂ ያደርጋል። እኔ ብሆን አምነው ነበርን? ይህን ጥያቄ ሼክስፒር አይጠይቀኝም፤ ቪዜል ይጠይቀኛል።

ነገሩ ግን እንዲህ በሁለት መስመር ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ራሴን ማረም አለብኝ። በ«ሌሊት» ውስጥ ያልደረሰ መልእክትም አለ። በጌቶው የመጨረሻ ሌሊት ወደ ውጭ በሚያሳየው የታሸገ መስኮት በኩል አንድ ሰው ያንኳኳል። እስኪከፈት ድረስ ሰውየው ሄዷል። ቪዜል ከጦርነቱ በኋላ ማንነቱን አወቀ፤ አደጋ ከመጣ አስጠነቅቃችኋለሁ ብሎ ለአባቱ ቃል የገባ የሃንጋሪ ፖሊስ መኮንን ነበር። ከመጽሐፉ ውጭም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሩዶልፍ ቭርባና አልፍሬድ ቬትስለር በኤፕሪል 1944 ከአውሽዊትዝ አምልጠው ስለ ግድያው ዝርዝር ሪፖርት በስሎቫኪያ ጽፈዋል፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ሲጌት ባሉ ከተሞች ለነበሩት ተራ ሰዎች በጊዜው አልደረሰም። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ 1944 ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ከ430,000 በላይ አይሁዶች ከሃንጋሪ ተጋዙ። ስለዚህ በሲጌት ያልታመነ ቃልም ያልደረሰ ደብዳቤም ነበር። ልዩነቱ ቪዜል መጽሐፉን የከፈተው በየትኛው ነው የሚለው ላይ ነው። በመስኮቱ መንኳኳት ቢከፍተው አሳዛኝ ተውኔት ይመስል ነበር። በሞይሼ ከፈተው።

የዚያች ተማሪ ፍርድ፣ ሞኝነት ነው የሚለው፣ በጥናት ዓለም የታወቀ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ማይክል አንድሬ በርንስታይን በ1994 ባሳተመው መጽሐፉ ያለፈውን ዘመን ሰዎች እኛ ዛሬ በምናውቀው ፍጻሜ መመዘንን አጥብቆ ይቃወማል። እነርሱ የወደፊቱን አያውቁም ነበር፤ እኛ ግን እናውቃለን፤ እውቀታችንን በእነርሱ ላይ እንደ ጥላ ወደ ኋላ እንጥልና ጥላውን ለምን አላዩም ብለን እንወቅሳቸዋለን። የሲጌት ሰዎች የለንደንን ሬዲዮ ይሰሙ ነበር፤ የሩሲያ ጦር እየገሠገሠ ነበር፤ ጦርነቱ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው የሚል ተስፋ ነበራቸው። ይህ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። በዚያን ጊዜ ከነበረው መረጃ አንጻር ሲታይ ከሞይሼ ታሪክ ይልቅ ለማመን የቀለለው እርሱ ነበር። «ንግር» የሚለው ቃል በተማሪ እጅ ሲገባ ይህን ሁሉ ይሰርዘዋል፤ ምክንያቱም ንግር ካለ ፍጻሜው የታወቀ ነው፤ ፍጻሜው የታወቀ ከሆነ ደግሞ ያላየው ሰው ዕውር ነው።

የድራማዊ ምጸት ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በተውኔቱ መጨረሻ ዡልየት በሕይወት እንዳለች እኛ እናውቃለን፤ ሮሚዮ አያውቅም። ይህን እውቀት የሰጠን ሼክስፒር ነው። በ«ሌሊት» ደግሞ ባቡሩ ሲቆም ተሳፋሪዎቹ የጣቢያውን ስም ያነባሉ፤ ስሙን ከዚያ በፊት የሰማ ሰው የለም። አንባቢው ግን ስሙን ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ይህን እውቀት የሰጠን ደራሲው አይደለም፤ ታሪክ ነው። ቪዜል እዚህ ላይ አንድ ቃል እንኳ አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። አውሽዊትዝ የሚለውን ስም የማያውቅ አንባቢ ቢገኝ ምጸቱ ይጠፋል፤ በቬሮናው ታሪክ ግን ምንም የማያውቅ አንባቢ እንኳ ምጸቱን ያገኛል፤ የሚያስፈልገው በተውኔቱ ውስጥ አለና። ይህ ለመምህር ተግባራዊ ትርጉም አለው። ተውኔቱን ያለ ታሪክ ትምህርት ማስተማር ይቻላል፤ ትዝታውን ግን አይቻልም።

ስለ ትእምርት ስናገር ደግሞ ስለ ራሳችን የንባብ ልማድ አንድ ነገር ማንሣት ይኖርብኛል። በሰምና ወርቅ ያደግን አንባቢዎች ነን። ሰሙን አቅልጠን ወርቁን ካላወጣን ያነበብን አይመስለንም። ይህ ልማድ ሼክስፒርን ለማንበብ እጅግ ይጠቅማል። በተውኔቱ ውስጥ እሳት ፍቅር ነው፤ ሮሚዮ ዡልየትን መጀመሪያ ሲያያት ከችቦዎቹ ሁሉ ይልቅ የምታበራ ትመስለዋለች፤ መነኩሴውም የተጣደፈ ፍቅር እንደ እሳትና ባሩድ ሲሳሳሙ እንደሚጠፋፉ ያስጠነቅቃል። ሰሙ እሳት፣ ወርቁ ፍቅር፣ ከዚያም ሞት። ታዲያ ይህን የሠለጠነ ዓይን ይዘን ወደ «ሌሊት» ስንገባ ወይዘሮ ሼክተርን እናገኛለን። ሰማንያ ሰው በታጨቀበት ፉርጎ ውስጥ ከልጃቸው ጋር የተጫኑት እኚህ እናት ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይታየኛል እያሉ ይጮኻሉ። ሰዎቹ ያስሯቸዋል፣ አፋቸውን ያፍኗቸዋል፣ ይመቷቸዋል። በመጨረሻ ባቡሩ ቢርከናው ሲደርስ እሳቱ ከጭስ ማውጫው ሲወጣ ሁሉም ያየዋል። ተማሪዎቹ በትእምርት ዓምድ ሥር ይህን እሳት የጥፋት፣ የሲኦል፣ የጥላቻ ትእምርት እያሉ ይሞሉት ነበር። እሳቱ ግን እሳት ነው። ሰው የሚያቃጥል እሳት ነው። ከሥሩ የሚወጣ ወርቅ የለም። ወርቅ ፍለጋ ስንቆፍር ሰሙን፣ ማለትም የሆነውን ነገር፣ እንጥለዋለን።

ይህን ስል በ«ሌሊት» ውስጥ ተለዋጭ ዘይቤ የለም ማለቴ አይደለም፤ ርእሱ ራሱ ይመሰክርብኛል። በሁለቱም ሥራዎች ውስጥ ሌሊት ትልቅ ቦታ አለው። ዡልየት ሌሊቱ ቶሎ እንዲመጣ ትለምነዋለች፤ የምትለምነው ሮሚዮ የአጎቷን ወገን ገድሎ ነገር ሁሉ በተበላሸበት ሰዓት መሆኑን ሳታውቅ ነው። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ የሰማችው ወፍ የሌሊት እንጂ የንጋት አይደለም ብላ ትከራከራለች፤ ለእርሱ ንጋት ሞት ነውና። በቬሮና ሌሊት መጠለያ ነው። ቪዜል የመጀመሪያዋን የካምፕ ሌሊት ከዚያ በኋላ የመጣውን ዕድሜውን ሁሉ እንደ ዋጠች አድርጎ ይገልጻታል። ይህ በግልጽ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ነገር ግን ዘይቤው የተነሣው በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ልታደርግባት ከምትችላት አንዲት የ1944 ሌሊት ነው። መጀመሪያ ሌሊቷ፣ ቀጥሎ ዘይቤው። በተውኔቱ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል፤ ገጣሚው መጀመሪያ ምስሉን አግኝቶ ትእይንቱን በኋላ ቢሠራለት ማንም አያውቅም፣ ማንም አይቀየምም።

እዚህ ላይ የምጠብቀው ተቃውሞ አለ። እንዲያ ከሆነ ስለ እልቂት የተጻፈ ምስክርነት በሥነ ጽሑፍ መሣሪያ መነካት የለበትም፤ ለታሪክ ክፍል ይተው የሚል። አልስማማም። ቪዜል በእርግጥ ጸሐፊ ነው፤ መርጧል፣ ቀንሷል፣ ቆርጧል። የዪዲሹ እትም ተራኪው ከነፃነት በኋላ ራሱን በመስታወት ካየ በኋላም ይቀጥላል፤ መስታወቱን በቡጢ ይሰብረዋል፣ ስለ ዓለም ዝምታም ይቆጣል። የፈረንሳይኛው በመስታወቱ ላይ ያበቃል። ናኦሚ ሳይድማን በ1996 ባወጣችው ጽሑፍ ሁለቱን መጨረሻዎች አነጻጽራ የዪዲሹ ቁጣ ወደ ፈረንሳይኛው ሲሻገር ወደ ዝምታ መለወጡን አሳይታለች፤ ክርክሩም ከዚያ በኋላ አልበረደም። በእኔ አስተያየት የትዝታ መጽሐፍ ዋና ብልሃት ንግርም ትእምርትም አይደለም፤ መቀነስ ነው። በፈተናው ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ለእርሱ የሚሆን ረድፍ አልነበረም።

ልዩነቱን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ የዕድሜ ጉዳይ። በብሩክ ግጥም ውስጥ ዡልየት ወደ 16 ዓመት የተጠጋች ናት። ሼክስፒር 14 እንኳ ያልሞላት ልጅ አደረጋት። በብሩክ ወራት የሚፈጀውንም ታሪክ ወደ አምስት ቀን ያህል አጠበበው። ይህን ያደረገው ጥድፊያውንና የዋህነቱን ለማጉላት ነው ብለን በየክፍሉ እናደንቀዋለን። ወደ «ሌሊት» ስንመጣ ደግሞ በ1960ው የእንግሊዝኛ ትርጉም ተራኪው በመጽሐፉ መክፈቻ ላይ 12 ዓመቱ እንደ ነበር ይናገራል። የጸሐፊው ባለቤት ማሪዮን ቪዜል በ2006 ባወጣችው አዲስ ትርጉም 13 ሊሞላው የተቃረበ ሆነ። አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ለውጥ ነው። ነገር ግን ይህ የኪነ ጥበብ ምርጫ ተብሎ ሊታለፍ አልቻለም፤ እርማት ተባለ። በተውኔት ውስጥ ዕድሜ መሣሪያ ነው፤ በምስክርነት ውስጥ ዕድሜ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ይመረመራል። ተማሪ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢረዳ የዓምዱን ሠላሳ ምሳሌ ከመሙላት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ስለ ድግግሞሽ ትንሽ ልበል፤ ከሰንጠረዡ ረድፎች መካከል ብልሃቱ በሁለቱም ሥራዎች ሙሉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ዡልየት መድኃኒቱን ጠጥታ ስትተኛ ሞግዚቷ የሞተች መስሏት ያንኑ የወዮታ ቃል ደጋግማ ታለቅሳለች። ተመልካቹ ልጅቱ እንዳልሞተች ስለሚያውቅ ልቅሶው ባዶ ይሆንበታል፤ እንዲያውም ሳቅ የሚያመጣባቸው አዘጋጆች አሉ። ቪዜል ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት በሚናገርበት ክፍል ደግሞ እያንዳንዱ ሐሳብ በአንድ ዓይነት ቃል፣ አልረሳም በሚል ቃል፣ ሰባት ጊዜ ይከፈታል። ሙሾ የሰማ ጆሮ የዚህን ምት ወዲያው ያውቀዋል። ይሁንና ሙሾ ሟችን ይሸኛል፤ ይህ ግን መሐላ ነው። በመሐላ ውስጥ ድግግሞሽ ጌጥ አይደለም፤ የሚምለው ሰው ቃሉን እንዳይሽር በላዩ ላይ የሚደራርበው ቁልፍ ነው። ተማሪዎቹ በሦስተኛው ዓምድ «አጽንዖት ለመስጠት» ብለው ይጽፉ ነበር። ስሕተት አይደለም። ምንም ማለት ግን አይደለም።

ይህን ሁሉ በዚህ መድረክ ያነሣሁት የአንድ ፈተና ጥያቄ ስላስከፋኝ ብቻ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ከልብ ወለድና ከተውኔት አልፈው ወደ ግለ ታሪክና ወደ ምስክርነት እየተሻገሩ ነው። የቀይ ሽብር ዘመን ትዝታዎች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለፍናቸው ጦርነቶች ትዝታዎችም መጻፋቸው አይቀርም። ይዘነው የምንቀርበው መሣሪያ ግን ለልብ ወለድ የተሳለው ያው ነው፤ ንግር ፈልግ፣ ትእምርት ፈልግ፣ ቁጠር፣ መድብ። እስር ቤት ውስጥ ስሙ ሲጠራ የሰማን ሰው ትዝታ በዚህ መንገድ ያነበበ ተመራማሪ ስሙ ከመጠራቱ በፊት የነበረውን የጓደኛውን ማስጠንቀቂያ «ንግር» ብሎ ቢመድበው፣ ሳያስበው ያችን ተማሪ የፈረደችውን ፍርድ ይፈርዳል። ልዩነቱ የእርሱ ፍርድ በጠራ የጥናት ቋንቋ መጻፉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሚፈረድበት ሰው፣ ወይም ልጁ፣ ጥናቱን ሊያነበው ይችላል።

ምን ይደረግ? ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማስተማር ይቀጥል እላለሁ፤ ተውኔቱ ባይኖር ትዝታው ምን ያህል የተለየ መሆኑ አይታይም ነበር። የሰንጠረዡ አቀማመጥ ግን ይለወጥ። ብልሃቱን ከመጠየቅ በፊት ቃሉን ማን ለማን እንደ ተናገረው ይጠየቅ፤ በመድረክ ላይ ያለ ሰው ነው ወይስ በመንገድ ላይ የነበረ? ሰሚው ማመን ይችል ነበር? ለማመን ምን ማጣት ነበረበት? ተራኪው ይህን ዛሬ የሚነግረን ያኔ ያላወቀውን ምን ስላወቀ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በማረሚያ መመሪያ አይለኩም፤ አውቃለሁ። ሠላሳ ወረቀት በአንድ ሌሊት ያረመ ሰው ሰንጠረዥን ለምን እንደሚወድ እኔም አልረሳሁም።

ያቺን ተማሪ ፈተናው ከተመለሰ በኋላ በኮሪደሩ አግኝቻት ነበር። ነጥቧ ሙሉ ስለ ሆነ ደስ ብሏታል። ሞይሼ ዛሬ ማታ የእናንተን በር አንኳኩቶ ያየውን ቢነግራችሁ፣ ቤታችሁን ጥላችሁ ትሄዱ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ቆየች። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እንጃ ቲቸር» አለችኝ። ቀጥላም «ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይመጣም አልኳት።